ቤት ከመግዛታችሁ በፊት አልሚውን አጣሩ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከሪል እስቴት ለሚገዙ የአሠራር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሪል እስቴት ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ቤቱ ሳይሠራ ነው። አንዳንዴ መሠረቱ እንኳ ሳይቆፈር የዋጋው ሩብ ወይም ሲሶ ቅድመ ክፍያ ይገባል፤ የቀረው በየጥቂት ወሩ ይቀጥላል። በሌለ ቤት ላይ ምርመራ ስለማይደረግ መመርመር ያለበት እሠራለሁ ያለው አልሚ ነው። ይህን ሥራ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት መካኒክ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ለሚሊዮኖች ብር ቤት የሽያጭ ሠራተኛውን ቃል ብቻ አምኖ ይፈርማል።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል አገር ያውቀዋል። አክሰስ ሪል እስቴት ከሁለት ሺህ በላይ ከሆኑ ገዢዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ሰብስቦ ቤቶቹን በውሉ ጊዜ ማስረከብ ሳይችል ቀርቷል፤ ጉዳዩም ለዓመታት ተጓቷል። ከገዢዎቹ መካከል በሰው አገር ሠርተው ያጠራቀሙትን የከፈሉ ነበሩበት። ያን ጊዜ ማስታወቂያው ያማረ፣ ቢሮው የደመቀ፣ ሠራተኛው ትሑት ነበር። የጎደለው ነገር ከዚያ በፊት ተሠርቶ የተረከበ ቤት ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል፦ ይህ አልሚ ከዚህ በፊት ለሸጠላቸው ሰዎች ቤታቸውን አስረክቧል ወይ? ካርታውስ በስማቸው ወጥቶላቸዋል ወይ? የቀረው ማጣራት ጠቃሚ ነው፤ ይህ ግን ዋናው ነው። ጊዜ ያጠራችሁ እንደሆነ ሌላውን አሳጥሩ፤ ሦስተኛውን ደረጃ ግን አትዝለሉ።

1. ትክክለኛውን ስም ያዙ

ታፔላው ላይ ያለው ስምና ውል የሚፈርመው ድርጅት ስም ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። በማስታወቂያ የሚታወቀው የንግድ ስሙ ሲሆን፣ ውሉን የሚፈርመው ሌላ ስም ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሽያጭ ክፍሉን የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትጠይቁ ስለ ዋጋ አይሁን። «ውሉን የሚፈርመው ድርጅት ሙሉ ስሙ ማን ነው? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩስ?» በሉ። አሥር አኃዝ ያለውን ያን ቁጥር ይዛችሁ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት የንግድ ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ ለየትኛው የሥራ ዘርፍ እንደተሰጠ ታያላችሁ። ቤት ለመሸጥ የሪል እስቴት ልማት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጠቅላላ ንግድ ወይም የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ ብቻ ይዞ ቤት የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እዚያው አቁሙ። በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል እስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚገዛ አዋጅ አጽድቋል፤ አልሚው ፈቃዱን ከዚህ አዋጅ ጋር እንዴት እንዳስማማ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት ለዚህ የተዘጋጀ መልስና ወረቀት አለው።

ከድርጅቱ ስም ጋር የሥራ አስኪያጁንና የዋና ባለድርሻዎቹን ስም ያዙ። ድርጅት ይዘጋል፣ ስም ይቀየራል፤ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው። አዲስ የተባለው ሪል እስቴት ባለቤቶች ቀደም ሲል በሌላ ስም ቤት ሸጠው ያላስረከቡ ሆነው ቢገኙ፣ ያንን የሚነግራችሁ የሰዎቹ ስም ብቻ ነው።

2. የቀድሞ ሥራዎቹን ዝርዝር አስመጡ

ብሮሹር አትቀበሉ። የምትፈልጉት ዝርዝር ነው፦ እስካሁን የጀመራቸው ሳይቶች በሙሉ፣ የት እንዳሉ፣ ሽያጭ የተጀመረበት ዓመት፣ በውሉ የተገባው የማስረከቢያ ጊዜ፣ በትክክል የተረከበበት ጊዜ። «በሙሉ» የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙ። ሁሉም አልሚ ያማረለትን አንድ ሕንፃ ያሳያል፤ እናንተ ማየት ያለባችሁ ያልተነገራችሁን ነው። አንድ ድርጅት አያት ላይ የጨረሰውን እያሳየ ለቡ ላይ የጀመረውን ከዘለለ፣ ለቡ ሂዱ።

ዝርዝሩን ስታገኙ አንድ ነገር አስሉ። በ24 ወር አስረክባለሁ ያለውን ሳይት በ30 ወር ያስረከበ አልሚ፣ ሲሚንቶ በጠፋባቸውና የውጭ ምንዛሪ በጠበበባቸው ዓመታት ለሠራ ሰው፣ እኔ መጥፎ አልለውም። ቀጣዩንም በ30 ወር ያደርሰዋል ብላችሁ ዕቅዳችሁን በዚያው ልክ አውጡ። ግን እያንዳንዱ ሳይት ከፊተኛው ይበልጥ እየዘገየ ከሄደ፣ ወይም አሮጌው ሳይት ሳያልቅ ሦስት አዳዲስ ሳይት ለሽያጭ ከወጣ፣ የእናንተ ቅድመ ክፍያ የቀድሞውን ገዢ ቤት ለመጨረስ የሚውል ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚሠራ አልሚ አዲስ ገዢ የጠፋ ዕለት ይቆማል።

3. የገዙትን ሰዎች አግኙ

እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አፍስሱ። አልሚው ራሱ የሚሰጣችሁን የደንበኛ ስልክ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ግን በእሱ አትወስኑ። ያለቀ ሳይቱ ድረስ ራሳችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ጠዋት ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ ጥሩ ነው፤ በሥራ ቀን ከሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ።

መጀመሪያ የሚያገኛችሁ የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ሰላምታውን ሳታሳጥሩ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ልንገዛ አስበን ነበር፤ ውሃው እንዴት ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል? ሊፍቱ ይሠራል?» ብላችሁ ጀምሩ። ጥበቃዎች ብዙ ያውቃሉ፤ የትኛው ቤት ባዶ እንደቆመ፣ ማን በየወሩ ከአልሚው ቢሮ ጋር እንደሚጨቃጨቅ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከዚያ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ አገናኙኝ በሉ። በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች የየራሳቸውን ቤት በተናጠል፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ደግሞ በጋራ ይይዛሉ፤ የጋራውን የሚያስተዳድረው ማኅበራቸው ነው። የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ አልሚው ያለው መረጃ ከማንም ይበልጣል፤ ያላለቀውን ሥራ ሁሉ ሲጠይቅ የኖረው እሱ ነውና።

ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ ቤቶች ሰዎችን አነጋግሩ። አንዱ ታች፣ አንዱ መጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር ይሁን፤ የውሃ ግፊትና የጣሪያ ፍሳሽ ወሬው ፎቅ በፎቅ ይለያያል። የምትጠይቁት ይህን ነው።

ውሉ ላይ የነበረው የማስረከቢያ ቀን መቼ ነበር? ቁልፍ የተረከባችሁት መቼ ነው? ሲዘገይ ቅጣት ተከፈላችሁ ወይስ «ታገሱ» ብቻ ተባላችሁ?

ከውሉ ውጭ ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቃችሁ ነበር? ለምን? ለትራንስፎርመር፣ ለውሃ ቆጣሪ፣ ለካርታ ማውጫ፣ ለዋጋ ጭማሪ?

ስትረከቡ ምን ያህሉ አልቆ ነበር? ሊፍትና ፓርኪንግ አብረው ተረከቡ ወይስ ከዓመት በኋላ መጡ?

ከተረከባችሁ በኋላ ፍሳሽ ወይም ስንጥቅ ሲገኝ ደውላችሁ ማን መጣ? በስንት ጊዜ?

በመጨረሻም፦ ካርታ በስማችሁ ወጣ? ይህን ሲመልሱ ፊታቸውን ተመልከቱ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከገቡ አንድ ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች የተለመደ ሊሆን ይችላል። ከገቡ አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ሁሉ «በሂደት ላይ ነው» ካሉ ግን አልሚው የመሬቱን ጉዳይ አልጨረሰም ማለት ነው፤ የሊዝ ውዝፍ አለበት፣ ወይም ካርታው ባንክ ተይዟል፣ ወይም ከፈቃዱ በላይ ፎቅ ጨምሯል፣ ወይም የመጠቀሚያ ፈቃድ አላገኘም። ካርታ የሌለው ቤት ይኖሩበታል እንጂ ባንክ ብድር አይሰጥበትም፣ ቢሸጥም ያለ ስም ዝውውር በግማሽ ልብ ነው የሚሸጠው፤ ለልጅ ማውረሱም ሙግት ይሆናል። ዱባይ የምትሠራ የቅርብ ዘመዴ ቤቷን ተረክባ፣ አከራይታ፣ ኪራዩንም ለዓመታት ስትበላ ቆይታ ለመሸጥ ስትነሳ ነው ካርታው በአንድ ጥቅል በአልሚው ስም እንዳለ ያወቀችው። ሊገዛት የመጣው ሰው ያንኑ ቀን ሄደ።

እኔ አንድ ሕግ አለኝ፦ ቢያንስ በአንድ ያለቀ ሳይት ላይ የግል ካርታ በእጁ ይዞ ያሳየኝ ነዋሪ ካላገኘሁ፣ ለዚያ አልሚ ቅድመ ክፍያ ክፈሉ ብዬ ማንንም አልመክርም።

4. የጨረሰውን ሕንፃ ተጠግታችሁ እዩ

ነዋሪ እንግዳ አድርጎ ካስገባችሁ ሳሎኑን አታድንቁ፤ ሳሎን ሁሌም ያምራል። መታጠቢያ ቤት ግቡና ወለሉ ላይ ያለውን ሴራሚክ በሳንቲም ወይም በቁልፍ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ከሥሩ ሙሉ የሆነ ሴራሚክ ደንደን ያለ ድምፅ አለው፤ ሥሩ ባዶ የሆነ ግን እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል፤ እሱ ነገ የሚነሳ ነው። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት፦ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ካለ ውሃ እየወረደ ነው። መስኮቱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ጣታችሁን አሂዱ፤ ክረምት ላይ ከሆነ እርጥበቱ ያስታውቃል። ቤት ለማየት ነሐሴ ከጥር ይሻላል፤ ቀለም የሸፈነውን ዝናብ ይገልጠዋል።

ከዚያ ቤዝመንት ውረዱ። የአልሚው እጅ የሚታየው እዚያ ነው፤ እንግዳ ይወርዳል ብሎ ስለማያስብ አያስጌጠውም። ወለሉ ላይ ውሃ አቁሯል? ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ወጥቷል? ኮለኑ (ምሰሶው) እና ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ላይ ጠጠሩ እንደ ማር እንጀራ ተበሳስቶ የሚታይበት፣ ወይም ፌሮው ዝጎ የተገለጠበት ቦታ አለ? የፀጉር ውፍረት ያለው የልስን ስንጥቅ ብዙ አያስጨንቅም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ግድግዳውን በአግድም ወይም በሰያፍ የሚያቋርጥ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ይየው። በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ በኩል ያለው መሬት በብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል፤ መሠረቱ በአግባቡ ካልተሠራ ይህ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል።

5. እናንተ የምትገዙበትን መሬት አጣሩ

መልካም ስም ያለው አልሚም ቢሆን አዲሱ መሬት ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። አምስት ወረቀት ጠይቁ፦ የይዞታ ካርታ፣ የሊዝ ውል፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የጸደቀ ፕላን፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ። ፎቶ ኮፒው ላይ ሳትቆሙ ክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ድረስ አብረን እንሂድ በሉ፤ ባለይዞታው ሲጠይቅ መረጃው ይገኛል፤ እንቢ ካለም እንቢታው ራሱ መረጃ ነው።

ካርታው ላይ ያለውን ስም ከውል ፈራሚው ጋር አመሳክሩ። አሁን አሁን ብዙ ሕንፃ የሚሠራው አልሚው ከባለይዞታው ጋር በመስማማት ነው፤ ባለይዞታው መሬቱን ያቀርባል፣ አልሚው ይሠራል፣ ቤቶቹን ይካፈላሉ። ይህ በራሱ ጥፋት የለበትም። ግን የሁለቱን ስምምነት ካላያችሁና ውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ፣ የገዛችሁት ቤት በማን ድርሻ እንደወደቀ አታውቁም። ባለይዞታው ቢሞት ወራሾቹ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ሳይት ላይ ባለይዞታውም በእናንተ ውል ላይ ይፈርም።

የፎቁን ቁጥር ከግንባታ ፈቃዱ ጋር ቁጠሩ። ፈቃዱ ጂ+9 ሲል የሚሸጥላችሁ 11ኛ ፎቅ ከሆነ፣ የገዛችሁት ፈቃድ የሌለው ነገር ነው። በኢትዮጵያ የሕንፃ ሕግ መሠረት የተጠናቀቀ ሕንፃ መጠቀሚያ ፈቃድ ሊያገኝ የሚገባው በተፈቀደው ፕላን ልክ ሲሠራ ነው። ቦታው በመንገድ ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱንም እዚያው ጠይቁ።

ባንክ ስለያዘው መሬት አንድ ቃል፦ አልሚዎች ይበደራሉ፤ ካርታው መያዣ መሆኑ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው የእናንተ ቤት ከፍላችሁ ስትጨርሱ ከመያዣው እንደሚለቀቅ ባንኩ በጽሑፍ ያልተስማማ ሲሆን ነው። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች መያዣ ንብረትን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ዕዳውን ያልከፈለው አልሚው ሆኖ ቤቱን የሚያጣው ገዢው እንዳይሆን ያን ደብዳቤ ጠይቁ።

6. ክስና ሐራጅ

የድርጅቱን ስም በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች የሐራጅ ማስታወቂያዎች ውስጥ ፈልጉ፤ የብዙ ዓመት ማስታወቂያ በኢንተርኔት ይገኛል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በስሙ የተከፈተ መዝገብ መኖሩን በጠበቃ በኩል ማጣራት ይቻላል። አንድ ሁለት ክስ በትልቅ ድርጅት ላይ አይገርምም፤ አሥር ገዢ በአንድ ጉዳይ፣ በመዘግየት ወይም በካርታ ከከሰሰ ግን ለሌላው ማጣራት አትድከሙ።

7. ቴሌግራምና ዩቲዩብን በልክ ስሙ

ማስታወቂያውን የሚሠራው ታዋቂ አርቲስት የሚከፈለው ለማስታወቂያው ነው፤ ስለ ሲሚንቶው የሚያውቀው ነገር የለም፣ ቤቱ ቢዘገይም ተጠያቂ አይሆንም። የቲክቶክ ደላላ ደግሞ ኮሚሽኑን የሚያገኘው እናንተ ስትፈርሙ ነው። ከነዚህ ይልቅ የገዢዎቹን የቴሌግራም ግሩፕ ፈልጉ፤ በትልልቅ ሳይቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ገዢዎች የራሳቸው ግሩፕ አላቸው። ነዋሪ ስታነጋግሩ «ግሩፕ አላችሁ?» ማለት በቂ ነው። ስትገቡ ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። አንድ የተናደደ ሰው የጻፈውን አትያዙ፤ በተለያዩ ወራት፣ የተለያዩ ሰዎች፣ ስለ አንድ ነገር የጻፉትን ያዙ። ድርጅቱ ለቅሬታ ቀን ጠቅሶ መልስ ይሰጣል ወይስ የሚጽፉትን ያስወጣል? ይህ ከኮከብ ብዛት ይበልጣል።

8. የሚሠራበትን ሳይት ሳትጠሩ ጎብኙ

ሽያጭ ክፍሉ በቀጠሮ ሲወስዳችሁ ሳይቱ ይደምቃል። ራሳችሁ በተለያዩ ቀናት እለፉበት። ስንት ሠራተኛ አለ? ክሬኑ ይንቀሳቀሳል? የተሞላው ሶሌታ ውሃ ይጠጣል? አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በውሃ መርጠብ አለበት፤ ደርቆና ነጥቶ ያገኛችሁት ትኩስ ሶሌታ ጥንካሬውን እያጣ ነው። ታፔላው ላይ የሥራ ተቋራጩና የአማካሪው ስም መኖሩንም እዩ። አማካሪ መሐንዲስ የሌለበት ሳይት ላይ የአልሚውን ጥራት የሚቆጣጠረው አልሚው ራሱ ነው። በአንድ ወር ልዩነት ከአንድ ቦታ ላይ ፎቶ አንሱ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ሠራተኛው ከሚነግራችሁ በላይ ታውቃላችሁ።

9. ውሉ ስለ አልሚው ምን ይላል?

ስሙ የተከበረ አልሚ ውሉን ወደ ቤት ወስዳችሁ እንድታነቡ ይሰጣችኋል። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ውሉን ማስነበብ የማይፈልግ ነው። ለጠበቃ የምትከፍሉት ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ጠበቃው ግን አልሚው የሚያመጣው አይሁን።

ራሳችሁ ስታነቡ እነዚህን እዩ። ክፍያው የታሰረው በቀን ነው በሥራ? «በስድስተኛው ወር 15 በመቶ» የሚል ውል መሬቱ ላይ ምንም ባይኖርም ያስከፍላችኋል፤ «የአምስተኛው ፎቅ ሶሌታ ሲሞላ 15 በመቶ» የሚል ውል አልሚውን ያሠራዋል። እኔ ብሆን በዋጋ ቅናሽ ከምከራከር በዚህ እከራከራለሁ። ገዢ ሲዘገይ የሚከፍለው ቅጣትና አልሚው ሲዘገይ የሚከፍለው ቅጣት እኩል ናቸው? «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» በሚለው ውስጥ የሲሚንቶ እጥረትና የዋጋ ንረት ተጽፈዋል? ተጽፈው ከሆነ የማስረከቢያ ቀን የለም ማለት ነው።

የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹን ደጋግማችሁ አንብቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ሊፍት፣ አሉሚኒየምና የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ የሚያስገቡ አልሚዎች ወጪያቸው ናረ። ነዋሪዎቹን «ያን ጊዜ አልሚው ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። በውሉ ዋጋ ያስረከበ አለ፤ ተነጋግሮ ከፊሉን የተሸከመ አለ፤ ጨምሩ ወይ ውሰዱ ብራችሁን ያለም አለ። አልሚን ከአልሚ የሚለየው ያ ጊዜ ነው።

ስፋቱን በሁለት ቁጥር አስጽፉ፦ ጠቅላላውና የውስጡ። 120 ካሬ ተብሎ በካሬ 100,000 ብር የተሸጠ ቤት 12 ሚሊዮን ብር ነው። የጋራ ቦታው ተቀንሶ ውስጡ 96 ካሬ ከሆነ በትክክል የከፈላችሁት በካሬ 125,000 ብር ነው። ሁለት አልሚ ስታወዳድሩ በውስጥ ስፋት አወዳድሩ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መግባቱንም አስጽፉ። ስለ ዋስትና ደግሞ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሥራ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንደሚሆን ይናገራል። አልሚው ውሉ ላይ ይህን ወደ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት አውርዶት እንደሆነ ጠበቃችሁ ይየው። ካርታ በስማችሁ የሚያወጣበት ቀንና የመጨረሻው ክፍያ አብረው ይታሰሩ፤ ከጠቅላላው ቢያንስ ትንሽ መቶኛ ካርታው እስኪወጣ በእጃችሁ ይቆይ።

10. ውጭ አገር ላላችሁ

በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በሌላ ከተማ አዳራሽ ተከራይቶ የሚሸጥ አልሚ ያመጣው ቪዲዮና ቅናሽ ነው፤ በዚያው ምሽት መፈረም የለባችሁም። አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ ወይም አክስታችሁ ከላይ ያለውን ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ይሥሩላችሁ፤ ጉዞና ምሳ ክፈሉላቸው። ደላላ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ «እኔ እጨርስልሃለሁ» ቢላችሁ ውክልና አትስጡት። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ ለምታምኑት ሰው ይሰጥ፤ መግዛት፣ መፈረም፣ መረከብ ይበል እንጂ መሸጥና ማስያዝ አይጨመርበት። የሌላ አገር ዜግነት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው መታወቂያ እንዲኖራችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ካርታ በስማችሁ ሊወጣ ሲል መታወቂያ ፍለጋ እንዳትጀምሩ። ገንዘቡ በውሉ ላይ ወዳለው ድርጅት ባንክ ሒሳብ እንጂ ወደ ማንም ግለሰብ አይላክ፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ በድርጅቱ ስም ይቆረጥ።

11. ስትፈርሙ

የሰበሰባችሁትን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ ማንን አነጋገራችሁ፣ ምን አሏችሁ፣ የትኛውን ወረቀት አያችሁ፣ የትኛውን ከለከሏችሁ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም አንብቡት። ፈቃዱ ያልጸና፣ ካርታው በሌላ ሰው ስም ሆኖ ስምምነት የማይታይ፣ የቀድሞ ገዢዎቹ ከዓመታት በኋላም ካርታ ያላገኙ፣ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቅናሽ ተጨምሮበትም አትግዙ። ሌላው አብዛኛው በድርድር የሚስተካከል ነው።

ከወሰናችሁ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይጽደቅ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲሆን ያዛል። «ቢሮ ውስጥ ማኅተም አድርገንበታል፤ ይበቃል» የሚል አልሚ ጋር አትስማሙ። ፕላኑ፣ የፊኒሺንግ ዝርዝሩ፣ የቤቱ ቁጥርና የፓርኪንጉ ቁጥር ከውሉ ጋር ተያይዘው እያንዳንዱ ገጽ ይፈረምበት። የሽያጭ ሠራተኛው በቃል የነገራችሁ ሁሉ፣ መዋኛውም፣ ጂሙም፣ የከርሰ ምድር ውሃውም፣ ዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ አስጽፉት። የውሉን አንድ ቅጂ ከቤታችሁ ውጭ፣ ለምሳሌ ወላጆቻችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ከዚያ የገዢዎቹን ግሩፕ ተቀላቀሉና በየወሩ የሳይቱን ፎቶ ማንሳታችሁን ቀጥሉ።